አማት ያወጡላት ስም

አገኘሁሽ ምንዋጋው እጣው እንደሚወጣላት ተጠራጥራ አታውቅም። የማታውቀው መቼ እንደሆነ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበች ዕለት፣ ከፊቷና ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ቤቱ ለልጅ ልጆቻቸው ካልደረሰ ለእነሱ እንደማይደርስ እያወሩ ሲሳሳቁ፣ እሷ የመስኮቱ መጋረጃ ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚያምር ታስብ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጨርቅ ሆኖ ነው የሚታያት። አብራት ተከራይታ የምትኖረው ማርታ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አከራይ ዘመድ ሊገባበት ነው ብሎ ቤቱን ባስለቀቃቸው ቁጥር፣ ፍራሻቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ሰፈር በቀየሩ ቁጥር፣ "መጋረጃሽን እንዳትረሺ" መባባል የሁለቱ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ጨዋታው ከአሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። አምስት ሰፈር ቀየሩ። እጣ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የስም ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስማቸው አልነበረም። ማርታ አለቀሰች። አገኘሁሽ ግን ያ ሁሉ ሰው ቤት አገኘ ማለት ከፊታችን ያለው ወረፋ አጠረ ማለት ነው ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቷ ሰቆጣ ላይ ታመው አልጋ ያዙ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውምና የስፌት መኪናዋን አውቶቡስ አናት ላይ አስጭና መጣች። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ተኝተው አረፉ። እሷም ከገበያው በላይ ካለች አንዲት በረንዳ ላይ መኪናዋን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርምና የካህን ቀሚስ እየሰፋች ቆየች። ለሚጠይቃት ሁሉ፣ የቆየችው ቤቷ እስኪደርስ እንደሆነ ትናገራለች። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር፤ እሷ ግን ፈገግታቸውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የግማሽ ደርዘን ዩኒፎርም ኪስ ስትለጥፍ ማርታ በስልክ ፎቶ ላከችላት። የስም ዝርዝር ነው። መካከሉ ላይ በቀይ የተሰመረበት መስመር ነበር፤ ተዋበች ምንዋጋው፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ማርታ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። የራሷ ስም እንደሌለበት የነገረቻት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም እንደ ዋዛ አድርጋ።

አገኘሁሽ የያዘችውን ኪስ አስቀመጠችና፣ "ባለ አንድ መኝታ ለሁለት ሰው ይበቃል" አለች። "አልጋውን አንቺ ግዢ፤ መጋረጃው የኔ ነው።"

ተዋበች ማለት አገኘሁሽ ራሷ ናት። ከሰቆጣ በታች ባለው በዝቋላ ቆላ፣ ባሏ በነበረው በእንግዳው ቤት ልማድ፣ ሙሽራ በገባች በማግስቱ፣ ሚዜና አጃቢው ከተመለሰ በኋላ፣ አማት ዳቦ ቆርሰው አዲስ ስም ያወጡላታል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የአባቷ ቤት ስም በባሏ አገር አይነሳም። አገኘሁሽ በሃያ ዓመቷ ዝቋላ ወርዳ ለእንግዳው ስትዳር፣ አማቷ ወይዘሮ ሠርካለም ትኩስ የማሽላ ዳቦ ቆርሰው አጎረሷትና ተዋበች አሏት። አራት ዓመት ተዋበች ሆና ኖረች። ከዚያ ዝናቡ ሁለት ክረምት ተከታትሎ ቀረ። እንግዳው ወደ አረብ አገር እሄዳለሁ አለ፤ እሷ አዲስ አበባን መረጠች። ጠብ አልነበረም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ በሰላም ለያያቸው። የቀበሌው መሸኛ ደብዳቤ ሲጻፍላት በዚያ አገር በሌላ ስም የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ ተዋበች ምንዋጋው ተብሎ ተጻፈ። አዲስ አበባ በዚያ መሸኛ መታወቂያ አወጣች፤ በዚያ መታወቂያ ለቤቱ ተመዘገበች።

ስህተቱን የሠራችው ሰቆጣ ከተመለሰች በኋላ ነው። የአዲሱ መታወቂያ ምዝገባ ዕለት አባቷን ደግፋ ይዛ ሄዳ ነበር። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ኧረ አገኘሁሽ፣ ነይ አገኘሁሽ እያሉ ሲጠሯት፣ መዝጋቢው ቀና ብሎ ስሟን ጠየቃት። አገኘሁሽ አለችው። የስምንተኛ ክፍል ካርዷም ያንኑ ስለሚል ሁሉም ነገር ያለ ችግር ሄደ። የልጅነት ስሟን በማግኘቷ ደስ ብሏት ወደ ቤት ገባች። አዲስ አበባ ወረፋ ላይ ቆማ የቀረችው ተዋበች በዚያ ደስታ መካከል ትዝ አላለቻትም።

ማርታ የመታወቂያውን ፎቶ ይዛ ወደ ቤቶቹ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ያስተናገደቻት ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ወንበር ሰጥታ ነው ያስረዳቻት። ተዋበች የተባለችው ባለ እጣና አገኘሁሽ የተባለችው ሴት አንድ መሆናቸውን ፍርድ ቤት ካላረጋገጠ ውል መፈራረም አይቻልም። የተሰጠው ጊዜ ሃያ ቀን ነው። በሃያ ቀን ያልቀረበ ባለ እጣ እንደሌለ ይቆጠርና ቤቱ ለተጠባባቂ ይተላለፋል።

ሰቆጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ምንይሉ ጉዳዩን ሰምቶ ጭንቅላቱን አከከ። አንዷ ሌላዋን ከስሳ ብትመጣ ኖሮ ይቀለው እንደነበር ነገራት። ከዚያ ቁም ነገሩን አስረዳት። ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። አጎቷ ጌታሁንና ሚዜ የነበረው ገበየሁ አሉ፤ ሁለቱም ግን ዳቦው ሲቆረስ አልነበሩም።

"እነሱ የሰሙ ናቸው" አላት። "ዳኛዋ ደግሞ ያየ ትላለች። ስሙን ያወጣ ሰው አለ?"

"አለ" አለች አገኘሁሽ።

"በሕይወት?"

"መንኩሰዋል" አለች።

ወይዘሮ ሠርካለም ከመነኮሱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስማቸውም እማሆይ ወለተ ገብርኤል ሆኗል። አገኘሁሽ ይህን የሰማችው ከገበያ ሰው ነው። ከዝቋላ ከወጣች ጀምሮ ተያይተው አያውቁም። የሄደች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ በር ድረስ ሲሸኛት አማቷ ከጓዳ አልወጡም ነበር። ያን ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ አይታለች፤ በሩ ባዶ ነበር።

በሳምንቱ ማክሰኞ ማለዳ ወደ ጽጽቃ በሚወርድ አይሱዙ ተሳፈረች። የያዘችው አንድ እስር ጧፍ፣ መርፌና ክር ነው። ከጽጽቃ በኋላ ያለው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ማሽላው ደርሷል፤ ከየማሳው ወፍ የሚያባርር ጩኸትና የወንጭፍ ድምፅ ይሰማል። ቁልቁለቱን የለመዱት እግሮቿ አልረሱትም ነበር። እየወረደች ስትሄድ የምትናገረውን አላሰናዳችም። የመጣችው የራሷን ልትጠይቅ ነው፤ የራሱን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ንግግር ማሳመር አያስፈልገውም ብላ ታምናለች።

እማሆይን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለችው ጎጆ ደጃፍ ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ ነው። ከስተዋል፤ ግን ጀርባቸው አልጎበጠም። ቀና ብለው በእጃቸው ፀሐዩን ከልለው አዩዋትና ማን እንደሆነች ጠየቁ።

"ተዋበች ነኝ" አለች።

ሰፌዱ ቆመ። ከዚያ እንደገና ማበጠር ጀመሩ። ድንጋዩ ላይ እንድትቀመጥ በአገጫቸው አመለከቷት፤ ውኃ ሰጧት፤ ስለ አባቷ ሞት ነፍስ ይማር አሉ። ስለ እንግዳው እሷ ሳትጠይቅ ነገሯት፤ ጅዳ ነው፤ ሚስት አግብቷል፤ በዓመት አንዴ ይደውላል። አገኘሁሽ በዚህ መካከል የእማሆይ ቀሚስ እጅጌ ተተርትሮ መንጠልጠሉን አየች። መርፌዋን አውጥታ፣ ሳትጠይቃቸው ክንዳቸውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መጥቀም ጀመረች። እማሆይ ሊከለክሏት ፈልገው ተዉት። እየሰፋች ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ምዝገባውን፣ እጣውን፣ መታወቂያውን፣ ሃያ ቀኑን፤ ከሃያው ቀን ስምንቱ እንዳለፈ ጭምር።

እማሆይ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያን ስም ያወጣችው ሠርካለም ናት" አሉ። "ሠርካለም ደግሞ ሞታለች። ስመነኩስ በመገነዣ ተሸፍኜ ፍትሐት ተደርጎልኛል። የሞተ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ልጄ። እኔ ለዓለም ነገር ምስክር አልሆንም።"

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። አገኘሁሽም አልለመነችም። የእጅጌውን ጠርዝ እስከ መጨረሻው ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌውን ነጠላዋ ላይ ሰካች። ወደ ሌላኛው እጅጌ ተሻገረችና ያልተጠየቀችውን መናገር ጀመረች። አዲስ አበባ እንደገባች የመንደሯ ልጆች የአባትሽን ቤት ስም መልሺ እንዳሏት፣ እሷ ግን ሳትመልስ እንደቀረች፣ በየወሩ የቤቱን ቁጠባ ልታስገባ ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ ቆማ ተዋበች ተብላ ስትጠራ አቤት እያለች እንደኖረች ነገረቻቸው። አሠሪዎቿ ተዋበች ይሏት ነበር፤ ማርታ እስከ ዛሬ ሌላ ስም ብትሰማ አይዋጥላትም።

"እንግዳውን ትቼ ሄጃለሁ" አለች። "እርስዎ የሰጡኝን ግን አልተውኩም። ቤቱ የወጣው በእርስዎ ቃል ነው። እኔ አብሬው ቆምኩ እንጂ ወረፋ የጠበቀው ስሙ ነው።"

እማሆይ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አንዲት ፍየል መጥታ የተበጠረውን ማሽላ ስትቀምስ እንኳ አላባረሯትም። መጨረሻ ላይ አገኘሁሽ ራሷ ተነስታ አባረረቻት፤ ተመልሳ ስትቀመጥም በልቧ የቆየውን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ያን ዕለት ለምን አልወጡም?

"ብወጣ እጠራሽ ነበር" አሉ እማሆይ። "ብጠራሽ ደግሞ ትመለሺ ነበር። ዝናብ በቀረበት አገር መልሼሽ ምን ላበላሽ?"

አገኘሁሽ መርፌዋን አንስታ የሌላኛውን እጅጌ ጠርዝ ጨረሰች። አዳሯ ከጎረቤት መነኩሲት ዘንድ ሆነ። በማግስቱ ስትነሳ እማሆይ ከሁሉ ቀድመው ተዘጋጅተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ብብታቸው ሥር አለ፤ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ነው።

"እመጣለሁ" አሏት። "የምመጣው ግን ወለተ ገብርኤል ሆኜ ነው። በሌላ ስም አልጠራም።"

አገኘሁሽ እሺ አለች። ይህ ነገር ዳኛዋ ፊት እንደሚያስቸግር አውቃለች፤ ግን እስከ ፍርድ ቤቱ በር ያለውን መንገድ ከሄዱ የቀረው ሦስት እርምጃ ነው ብላ አሰበች።

ችሎቱ የተቀጠረው ለዐርብ ነበር። ዳኛዋ ከአገኘሁሽ በዕድሜ የምታንስ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አጎት ጌታሁንና ሚዜው ገበየሁ የሰሙትን ተናገሩ። ገበየሁ ስለ ሠርጉ ድግስ ሊያወራ ሲጀምር ዳኛዋ ስለ ሥጋው እንዳልተጠየቀ አስታወሰችው፤ ችሎቱ ሳቀ። ከዚያ እማሆይ ተጠሩ። ጸሐፊው መታወቂያውን ተቀብሎ አነበበና ሠርካለም እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። እማሆይ ፊቱ ቆመው ዝም አሉ።

"እማሆይ፣ እርስዎን ነው" አለች ዳኛዋ።

"እኔ ወለተ ገብርኤል ነኝ። ሠርካለም ሞታለች።"

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። "የሞተ ሰው ምስክርነት ልቀበል አልችልም፣ እማሆይ። መዝገቡ ላይ የማሰፍረው መታወቂያው የሚለውን ነው። እዚህ የቆሙት እሳቸው ካልሆኑ እርስዎን የሚያውቅ ሌላ ምስክር ሊያስፈልገን ነው።"

ችሎቱ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ምንይሉ በር ላይ ቆሞ አናቱን ያዘ። አገኘሁሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ያለ ፈቃድ መነሳት ነውር እንደሆነ ታውቃለች፤ ዳኛዋ ግን በእጇ ፈቀደችላት።

"እኔ አውቃቸዋለሁ" አለች። "ስሜን ሲሰጡኝ ስማቸው ሠርካለም ነበር። ዛሬ ወለተ ገብርኤል ናቸው። ያጎረሱኝ ሰው ግን ያው ናቸው፤ የግራ አውራ ጣታቸው ላይ የማጭድ ጠባሳ አላቸው።"

እማሆይ የግራ እጃቸውን አዩ። ሁሉም አየው። ጠባሳው ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የሚሄድ ነጭ መስመር ነበር። ዳኛዋ እንዲምሉ ጠየቀቻቸው፤ መነኩሴ አይምልም፣ እውነቱን ግን እናገራለሁ አሉ። ያም ይበቃል ተባሉ። ተናገሩም። መጀመሪያ በአማርኛ ጀምረው ወደ ልባቸው ነገር ሲደርሱ ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ኽምጣና አለፉ፤ ዳኛዋም የዚያው አገር ልጅ ናትና አላቋረጠቻቸውም። ሙሽራዋ በምን ቀን እንደገባች፣ ዳቦው በምን ጉልቻ ላይ እንደተጋገረ፣ ከሦስት ስም መካከል ያን አንዱን ለምን እንደመረጡ ተናገሩ። ያን ጠዋት ልጅቱ ከሰው ቤት ማደሯ ሳያስፈራት፣ ማንም ሳያዝዛት መጥረጊያ አንስታ ደጁን ስትጠርግ አይተዋት ነበር። ቤቱ ተዋበ ብለው በልባቸው አሰቡ፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

አገኘሁሽ ይህን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። አማቷ መልኳን አይተው ያወጡት ስም ይመስላት ነበር።

ዳኛዋ ጥቂት ጻፈችና ቀና አለች። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ እንዳመነበት ተናገረች። ጸሐፊው የምስክርነቱን ቃል አትሞ እማሆይ ፊት አስቀመጠ። ከታች በኩል ባዶ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ሥር የመታወቂያው ስም ተጽፏል። መታወቂያው የሚለው ሰው ካልፈረመበት ወረቀቱ አዲስ አበባ ላይ ዋጋ እንደሌለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው። ጣታቸውን የሚነክሩበትን ቀለምም አቀረበ።

አገኘሁሽ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ጠይቃ መጥታለች፣ አምጥታቸዋለች፣ መስክራላቸዋለች፤ ይህን ግን ልትጠይቃቸው አትችልም። የቤቱ ነገር እዚህ ወረቀት ላይ ቢቀር እንኳ እኚህን ሴት እንደማትወቅስ ቆማ ሳለ ወሰነች።

እማሆይ የቀለሙን ዕቃ በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። "እጽፋለሁ" አሉ። ከመነኮሱ ወዲህ ዳዊት ደግመዋል፤ ፊደል ያውቃሉ። እስክሪብቶውን እንደ መርፌ በሦስት ጣት ያዙ። ጎንበስ ብለው አንድ ፊደል ጻፉ፣ ቆሙ፣ ሁለተኛውን ጻፉ። ሠርካለም የሚለው አምስት ፊደል ዳኛዋ ቀጣዩን መዝገብ እስክታወጣ ድረስ ጊዜ ወሰደ። መስመሩን ለቆ ወደ ላይ የወጣ፣ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ትልልቅ የሆነ ስም ነበር። ሲጨርሱ ለጥቂት ጊዜ አዩት።

"ነፍሷን ይማር" አሉና እስክሪብቶውን መለሱ።

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ምንይሉ ማኅተሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን እያራገበ ጠበቃቸው። አገኘሁሽ የእማሆይን እጅ ይዛ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት እማሆይ ቀደሟትና ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጠየቁ።

"አራተኛ።"

"ለጸሎት ጥሩ ነው፤ ለጉልበት አይሆንም።" ሁለት ደረጃ ወረዱና እንደገና ቆሙ። "መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?"

ማርታ ሕንፃውን ሄዳ አይታ ነግራታለች። "ወደ ምሥራቅ ነው" አለች።

እማሆይ ይህን አሰቡበት። ከዚያ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ወደ ጽጽቃ መኪና መያዣ ፊታቸውን አዞሩ።

"እንግዲያው መጋረጃውን ስስ አድርጊው፣ ተዋበች" አሉ። "የጧት ፀሐይ አትከልክዪ።"